ሰባ ሚሊዮኑ ከብት የየትኛው ዓመት ነው? ኢትዮጵያንና ኒውዚላንድን በሜቴን ላነጻጸረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ጽሑፍ የሚጀምረው ፒያሳ ካለ አንድ ካፌ ነው። ጸሐፊው አንድ ማኪያቶ ያዝዛሉ፤ ውስጡ የገባው የሀገር ውስጥ ወተት ከኒውዚላንድ ወተት ስምንት እጥፍ ሜቴን (ከብት በግሳት የሚያወጣው፣ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ) እንዳስወጣ ያሰላሉ። ከዚያ ወደ ሁለቱ አገሮች ጠቅላላ የእርሻ ሜቴን ይሻገሩና በአንድ ግራፍ ላይ ሁለት መስመር ያሰምራሉ። የኢትዮጵያው ከ1990 ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ የኒውዚላንዱ ከ1 ሚሊዮን ቶን ትንሽ ከፍ ብሎ ቀጥ እንዳለ ይቀጥላል። ከዚህ የደረሱባቸው መደምደሚያዎች አራት ናቸው። የኛ ልቀት በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል፤ ኒውዚላንድ ልቀቷን የገታችው በቴክኖሎጂ ነው፤ የኛ ላም ቆሻሻ የነሱ ንጹህ ናት፤ ስለዚህ ሜቴን የሚቀንሰውን የመኖ ዱቄት አስገብተን የከብቱን ቁጥር፣ በተለይ የበሬውን፣ እንቀንስ።

የእንስሳት ሀብት ውሳኔ በእንዲህ ያለ ግራፍ ላይ ሲቆም የሚጎዳው ጥማድ በሬውን ይዞ ክረምትን የሚጠብቀው ገበሬ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ ቁጥሩን ይዘን እንመልሳለን። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህን ማሳሰቢያ ያስቀደምነው ለደንቡ ብለን አይደለም፤ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት የተፈጠረው እዚሁ ላይ ነው።

ድምሩ

ከምንስማማበት እንጀምር። ኢትዮጵያ ዛሬ በጠቅላላ የእርሻ ሜቴን ከኒውዚላንድ ትበልጣለች። ስሌቱን ማንም በስልኩ ሊሠራው ይችላል። በአየር ንብረት ለውጥ ላይ የሚሠራው የመንግሥታት ፓነል፣ አይፒሲሲ፣ በ2006 መመሪያው ለአፍሪካ ያስቀመጠው የሆድ ሜቴን ማባዣ እንዲህ ነው፦ ለማይታለብ ከብት በዓመት 31 ኪሎ፣ ለምትታለብ ላም 46 ኪሎ፣ ለበግና ለፍየል 5 ኪሎ፣ ለግመል 46 ኪሎ። የ2013 ዓ.ም. የእንስሳት ጥናት ወደ 70 ሚሊዮን ከብት፣ 43 ሚሊዮን በግ፣ 52 ሚሊዮን ፍየልና 8 ሚሊዮን ገደማ ግመል ይሰጠናል። ከብቱ 2.17 ሚሊዮን ቶን፣ በጉ 0.215፣ ፍየሉ 0.26፣ ግመሉ 0.37 ይሆናል፤ ሲደመር 3 ሚሊዮን ቶን። ከከብቱ ውስጥ የሚታለቡት በእያንዳንዳቸው 15 ኪሎ ይጨምራሉ፤ 10 ሚሊዮን ቢሆኑ ሌላ 150 ሺህ ቶን ነው። የኒውዚላንድ ከ1 ሚሊዮን ቶን ትንሽ በላይ ስለሆነ «ሁለት እጥፍ ተኩል» የሚለው የጽሑፉ አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም።

በሰው ሲካፈል ግን ሥዕሉ ይገለበጣል። እዚህ ለአንድ ሰው በዓመት 26 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ እዚያ ከ200 ኪሎ በላይ። ጸሐፊው ይህን አለማንሳታቸው ቢያስቆጨንም ዋናው መከራከሪያችን አናደርገውም። ኒውዚላንድ ከወተቷ 95 በመቶ ያህሉን ለሌሎች አገሮች ስለምትሸጥ፣ በነፍስ ወከፍ ማካፈሉም በሷ ላይ የራሱ አድልዎ አለበት። የምንከራከረው መስመሩ ሽቅብ በሚወጣበት ፍጥነት ላይ ነው፤ «በሃያ ዓመት ሦስት እጥፍ» በሚለው።

የማን 2013?

በጽሑፉ ሠንጠረዥ ላይ 70 ሚሊዮኑ ከብት የተቀመጠው «2013» በሚለው ረድፍ ነው፤ ጎኑ ደግሞ የኒውዚላንድ የ2013 ቁጥር አለ። ሰባ ሚሊዮኑ ግን የ2013 ዓ.ም. ነው፤ ይህም 2020/21 ማለት ነው። በ2012/13፣ ማለትም በ2005 ዓ.ም.፣ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሪፖርት ያደረገው 54 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ልዩነቱ 16 ሚሊዮን ከብት ነው፤ በ31 ኪሎ ሲባዛ ወደ 500 ሺህ ቶን ሜቴን። በአንድ የዘመን አቆጣጠር ስህተት ብቻ የኒውዚላንድ የዓመት ልቀት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሜቴን ተፈጠረ ማለት ነው።

የዕድገቱ ፍጥነትም አብሮ ይለወጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 30 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ከብት በ2013 ሰባ ሚሊዮን ደረሰ ካልን ዕድገቱ በዓመት 4.3 በመቶ ነው። በ2020/21 ደረሰ ካልን 3.1 በመቶ ይሆናል። የሀበሻ ላም በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ እየወለደች፣ የመጀመሪያ ጥጃዋንም ከአራት ዓመቷ በፊት እምብዛም ሳታይ፣ በድርቅና በበሽታ የሚሞተውም እየተቀነሰ 4.3 በመቶ ዓመት በዓመት የሚያድግ መንጋ የለም። ከብት የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን እንዳየ መጠራጠር ነበረበት።

የሀገር ውስጥ መረጃ ከውጭ ጋር የሚያዛምድ ሁሉ ይህ ስህተት ያገኘዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት የዓመት ዓምድ አድርጉ፤ በአንዱ ዓ.ም. በሌላው የአውሮፓውን በእዝባር፣ ለምሳሌ 2020/21 ብላችሁ። ከዚያ የቆጠራውን ወር ጻፉ። ኒውዚላንድ የምትቆጥረው በየዓመቱ ሰኔ 30፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ነው። ያ ወቅት ለነሱ ክረምት ነው፤ የሚታረደው ታርዶ አብቅቷል፣ አዲሱ ጠቦትና ጥጃ ገና አልተወለደም። በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛው ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛው ይመዘገባል ማለት ነው። በጸደይ ተወልዶ ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት የሚታረደው ጠቦት በዚያ ቆጠራ ላይ ጨርሶ አይታይም። የራሳቸው የልቀት ስሌት በየወሩ ስለሚሠራ ጠቦቶቹን መልሶ ያስገባቸዋል፤ የቆጠራውን ቁጥር ብቻ ወስዶ በማባዣ የሚያበዛ ግን ይስታቸዋል። የኛ ጥናት በበኩሉ ጥጃውንም ግልገሉንም ይቆጥራል።

ግመሎቹ ከየት መጡ?

ቀናችንን ካስተካከልን በኋላም መስመሩ ላይ የሚቀር እብጠት አለ። በ2010 ዓ.ም. (2017/18) ሪፖርት የግመሉ ቁጥር 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደረሰ። ፍየሉም በዚያው ጊዜ ከ33 ሚሊዮን ወደ 50 ሚሊዮን ዘለለ። ግመል 13 ወር ታረግዛለች፤ በሁለት ዓመት አንድ ብትወልድ ጥሩ ነው። በሦስት ዓመት አምስት ስድስት እጥፍ መሆን በተፈጥሮ አይቻልም።

የሆነው ይህ ነው። የግብርና ናሙና ጥናቱ ለብዙ ዓመታት የሸፈነው በዋናነት ሰፍሮ የሚኖረውን አርሶ አደር ሲሆን፣ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር ዞኖች አብዛኞቹ ከናሙናው ውጭ ነበሩ። ሽፋኑ ሲሰፋ በምድር ላይ ሁልጊዜም የነበረው እንስሳ ወረቀት ላይ ገባ። ስድስት ሚሊዮን ተኩል ግመል በ46 ኪሎ ወደ 300 ሺህ ቶን ሜቴን ነው። ይህ ሜቴን በ2018 እና በ2021 መካከል የተጨመረ ሳይሆን ቀድሞም ሲወጣ የኖረ ነው። ስለዚህ የ1990ዎቹ ነጥብ ከፍ ማለት አለበት እንጂ የመጨረሻው ነጥብ ዝቅ ማለት የለበትም፤ መስመሩ ይለዝባል፣ ድምሩ ግን አይነካም።

ሚዛናዊ እንድንሆን በተቃራኒው የሚሠራ ስህተትም እንጥቀስ። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በፋኦ፣ መረጃ ቋት ውስጥ እስከ 1992 ያለው «ኢትዮጵያ» ኤርትራን ይጨምራል፤ ከ1993 ወዲህ ያለው ለብቻው የተመዘገበ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ መስመር አያይዘዋቸዋል። ይህ መነሻውን ስለሚያገዝፍ ጭማሪውን ያሳንሳል፤ ለኛ ክርክር የሚመች ባይሆንም ስህተት ነው፣ መነሻው 1993 ይሁን።

ሁለት ሚዛን

ለኢትዮጵያ የተወሰደው የፋኦ ቁጥር ነው፤ ለኒውዚላንድ የተወሰደው አገሪቱ ራሷ ያቀረበችው የልቀት ሪፖርት። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም።

የፋኦው የመጀመሪያ ደረጃ ስሌት ይባላል፦ ራስ ቁጥር (የእንስሳቱ ብዛት) ሲባዛ በቋሚ ማባዣ። 31 ኪሎው በ1993ም 31 ነው፣ በ2021ም 31 ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ የሜቴን መስመር ራሱ የራስ ቁጥር መስመር ነው፤ ከዚያ የተለየ መረጃ አልያዘም። የኒውዚላንዱ ሁለተኛ ደረጃ ነው፦ እንስሳው በየወሩ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምን ያህል እንደሚታለብ፣ ስንት ኪሎ ደረቅ መኖ እንደሚበላ ተሰልቶ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ መኖ ለከብት 21.6 ግራም ሜቴን ይያዝለታል። ላሟ በወተት ስትሻሻል ልቀቷም በሒሳቡ ይጨምራል።

የኛን በሬ በሁለተኛው ደረጃ ብንሠራው ምን ይሆናል? ቀመሩ አያስፈራም። ደረቅ መኖ በኪሎ 18.45 ሜጋጁል ጉልበት አለው። ከዚያ 6.5 በመቶ ያህሉ ሜቴን ሆኖ በግሳት ይወጣል፤ መኖው ገለባ ብቻ ሲሆን በ2019ኙ የአይፒሲሲ መመሪያ ማሻሻያ መሠረት 7 በመቶ። አንድ ኪሎ ሜቴን 55.65 ሜጋጁል ይይዛል። በቀን 4 ኪሎ ደረቅ መኖ ለሚበላ በሬ፦ 4 ሲባዛ በ18.45፣ ሲባዛ በ0.065፣ ሲባዛ በ365፣ ሲካፈል ለ55.65፤ ውጤቱ 31.5 ኪሎ። ከቋሚው ማባዣ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ይኸው በሬ 5 ኪሎ ቢበላ 39 ኪሎ ይሆናል፤ በ7 በመቶ ከተሠራ 42። በበጋ ገለባ ሲያልቅና በሬው ሲከሳ ደግሞ ከ31 በታች ይወርዳል። በቀን የአንድ ኪሎ መኖ ልዩነት ለ70 ሚሊዮን ከብት ሲባዛ ከ500 ሺህ ቶን ሜቴን በላይ ነው። ጸሐፊው «ጭማሪ» ብለው ከሳሉት ትልቅ ክፍል በዚህ የስህተት ስፋት ውስጥ ይወድቃል።

«ለኢትዮጵያ ከፋኦ ሌላ መረጃ የለም» ማለታቸውም ትክክል አይደለም። የከብት፣ የበግና የፍየል ልቀት ከ1994 እስከ 2018 በሁለተኛው ደረጃ ተሰልቶ በ2020 ቀርቧል። ለንጽጽር የሚመጥነው ይኸኛው ነው። ወይም ሁለቱንም አገር በፋኦ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያኔ ለኒውዚላንድ የሚታለብ ላም 90፣ ሌላው ከብት 60፣ በግ 8 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ መንገድ እስከሠራን ድረስ የትኛውም ያስኬዳል።

ዘዴ ሲለወጥ ያለፈውም ዓመት አብሮ እንደሚለወጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የ2010 ጠቅላላ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ (ሁሉም ጋዝ በሚያሞቀው ልክ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀይሮ) ይለዋል። በ2021 የተሻሻለው ብሔራዊ የአየር ንብረት ዕቅድ ያንኑ 2010ን 247 ሚሊዮን ይለዋል። በዚያ ዓመት የተፈጠረ አዲስ ጭስ የለም፤ አሠራሩ ተለውጧል። አንዱን ነጥብ ከመጀመሪያው ሰነድ፣ ሌላውን ከሁለተኛው አንስቶ መስመር ማስመር ባዶ ሜዳ ላይ ተራራ መሥራት ነው።

ኒውዚላንድ ለምን ቀጥ አለች?

«በቴክኖሎጂ» ይላሉ ጸሐፊው። መልሱ በጉ ነው። ኒውዚላንድ በ1982 ወደ 70 ሚሊዮን በግ ነበራት። ከ1984 ጀምሮ መንግሥት የእርሻ ድጎማ ሲያነሳ በግ ማርባት አላዋጣ አለ። በ1990 ቁጥሩ 58 ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ ዛሬ ከ25 ሚሊዮን በታች ነው። በዚያው ጊዜ የወተት ላሙ ከ3.4 ሚሊዮን ተነስቶ በ2014 ወደ 6.7 ሚሊዮን ወጣና አሁን ወደ 6 ሚሊዮን ግድም ተመልሷል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ስለወጣ ድምሩ ቀጥ ያለ መሰለ። እንዲያውም ላሟም በጓም በነፍስ ወከፍ ከ1990 ይልቅ ዛሬ ብዙ ይበላሉ፣ ብዙም ያስወጣሉ። መስመሩ የሚያሳየው የገበያ ለውጥን ነው።

መነሻ ዓመቱም አልተጤነም። 1990ን የመረጠ ሰው ኒውዚላንድን የሚያገኛት ከፍ ካለችበት ሜዳ ላይ ነው። በ1961 እንኳ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ በግ ነበራት። ቴክኖሎጂው ችግሩን ፈትቶት ቢሆን ኖሮ በ2019 ሕግ አውጥታ ከእንስሳትና ከቆሻሻ የሚወጣ ሜቴኗን በ2030 ከ2017ቱ በ10 በመቶ፣ በ2050 ደግሞ ከ24 እስከ 47 በመቶ እቀንሳለሁ ማለት ባላስፈለጋት፤ በ2025ም መንግሥቷ የ2050ውን ግብ ወደ 14–24 በመቶ ዝቅ እንደሚያደርግ ባላስታወቀ ነበር።

የፒያሳው ማኪያቶ

ስምንት እጥፍ የመጣው እንዲህ ነው። ጸሐፊው የሀበሻ ላም በቀን 1.4 ሊትር ለ200 ቀን ትታለባለች ብለው 280 ሊትር ያዙ፤ 46 ኪሎውን ለዚያ አካፈሉ፤ በሊትር 164 ግራም። ለኒውዚላንድ ላም 85 ኪሎውን ለ4,200 ሊትር አካፍለው 20 ግራም አገኙ። ስሌቱ በራሱ ትክክል ነው። ከአገሪቱ ከብት 97 በመቶ ያህሉ የሀበሻ ዝርያ ስለሆነ ለገጠሩ አማካይ ብዙም አይስትም።

ነገር ግን ፒያሳ ካፌ የሚገባው ወተት የዚያች ላም ወተት አይደለም። ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ያሉ ካፌዎች የሚጠቀሙበት ወተት በአብዛኛው የሚመጣው ከሰላሌ፣ ከሱሉልታ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱና ከከተማዋ ዳርቻ የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች ነው። የሀበሻዋ ላም ወተት መጀመሪያ ለጥጃዋ፣ ከተረፈ ለቤት፣ ከዚያም ተንጦ ለቅቤ ይውላል፤ መሀል አዲስ አበባ የሚደርሰው ቅቤው ነው።

ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የቢራ ተረፈ ምርት የምትበላ ዲቃላ ላም በቀን 11 ኪሎ ደረቅ መኖ ብታገኝ በላይኛው ቀመር 86 ኪሎ ሜቴን ታወጣለች። በቀን 10 ሊትር ለ300 ቀን ብትሰጥ 3,000 ሊትር ነው፤ በሊትር 29 ግራም። የምትተካትን ጊደር ድርሻ ስንጨምርበት 35 እና 40 ግራም መካከል ይገባል፤ ለኒውዚላንድም እንዲሁ መጨመር አለበት። ልዩነቱ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይወርዳል። ማኪያቶው 100 ሚሊ ሊትር ወተት ቢይዝ የሜቴኑ መጠን 3 ግራም ገደማ እንጂ 16 አይደለም።

የሚያሳስት ነገር ግን አለ፤ ለሚያሰላ ሰው ይጠቅማል። በዐቢይ ጾም የካፌ ወተት ፍላጎት በጣም ይወርዳል፤ ላሟ ግን መብላቷንም መታለቧንም አታቆምም። ወተቱ ወደ ቅቤና አይብ ይዞራል። ለካፌ የተሸጠውን ሊትር ብቻ አካፋይ ያደረገ ሰው በጾም ወራት ልቀቱ በእጥፍ ያደገ ይመስለዋል። አካፋዩ የታለበው ወተት ሁሉ መሆን አለበት።

የሀበሻዋ ላም 46 ኪሎ በሙሉ በወተቷ ላይ መጫኑም ሌላ ጉድለት ነው። ያቺ ላም በሬ ትወልዳለች፣ ኩበት ትሰጣለች፣ በክፉ ቀን ተሽጣ እህል ትገዛለች። የኒውዚላንዷ ሥራ ወተት ነው፤ የሷ ሜቴን በወተት ላይ ቢጫን ተገቢ ነው። የኛይቱ በአራት ሥራ መካከል ልትካፈል ይገባታል።

ሃያ ስምንቱ

የሠንጠረዡ የኢትዮጵያ ዓምድ ሜቴንን በ28 አባዝቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ለውጦታል። የኒውዚላንዱ ዓምድ ከቆየ ሪፖርት ስለተገለበጠ በ21 የተባዛ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የአይፒሲሲ ናቸው፤ 21 የሁለተኛው ግምገማ፣ 25 የአራተኛው፣ 28 የአምስተኛው፣ በስድስተኛው ደግሞ ከእንስሳት ለሚወጣው ሜቴን 27። አንድ ሚሊዮን 200 ሺህ ቶን ሜቴን በ21 ሲባዛ 25.2 ሚሊዮን፣ በ28 ሲባዛ 33.6 ሚሊዮን ነው። ለንጽጽር ሁለቱንም በቶን ሜቴን ብቻ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሜቴን አየር ላይ የሚቆየው ወደ 12 ዓመት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከፊሉ ለዘመናት ይቆያል። ቀጥ ያለ የሜቴን ልቀት ቀድሞ ያሞቀውን ሙቀት ባለበት ያቆየዋል፣ ብዙ አዲስ አይጨምርም፤ የሚያድግ ልቀት አዲስ ሙቀት ይጨምራል። ይህ በኛ ላይ የሚቆጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ልቀት፣ ፍጥነቱ ጽሑፉ ካለው በጣም ቢያንስም፣ እያደገ ስለሆነ አዲስ ሙቀት ይጨምራል። ከዚህ ግን «ኒውዚላንድ ጉዳት የላትም» የሚል አይወጣም፤ ለስድሳ ዓመት ያቆየችው ከፍታ ያሞቀው ሙቀት ዛሬም አለ።

እበትና ሩዝ

የእርሻ ሜቴን ከከብት ሆድ ሌላ ከእበትና ከሩዝ ማሳም ይወጣል። የእበቱ ነጥብ አጭር ነው። በሜዳ ላይ የሚደርቅ እበት አየር ስለሚያገኝ ሜቴን አይፈጥርም ማለት ይቻላል፤ የአይፒሲሲ ማባዣ ለአፍሪካ ከብት በዓመት 1 ኪሎ ነው። ብዙ የሚያወጣው በውሃ ታጥቦ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀም ፍሳሽ ነው፤ ኒውዚላንድ ላለችበት ለኦሺኒያ የወተት ላም ማባዣው ከ20 ኪሎ በላይ የሆነውም ለዚህ ነው። ኩበት ሆኖ የሚነደው በኃይል ዘርፍ ይመዘገባል፤ በእርሻም በኃይልም መቁጠር ድርብ ነው። የፎገራ ሩዝ በዝናብ የሚለማና ከከብቱ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ስለሆነ መስመሩን አያንቀሳቅስም።

ዱቄቱና በሬው

ጸሐፊው የሚመክሩት ዱቄት ቦቬር በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ነው። በበረት ለሚቀለብ የወተት ላም ሜቴንን በ30 በመቶ አካባቢ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። የሚሠራው ግን ከሆድ ውስጥ ሳይጠፋ ላለባት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ60 ሚሊግራም ያላነሰ ተደባልቆ፣ ላሟ በበላች ቁጥር አብሮ መግባት አለበት። ቀኑን ሙሉ ሜዳ የምትውል ላም በጠዋትና በማታ ብቻ ብታገኘው መሀሉ ባዶ ነው። ኒውዚላንድ ራሷ ላሞቿ ሣር ላይ ስለሚውሉ የተቸገረችው በዚሁ ነው። ገለባ ለጨረሰ ገበሬ ይህን መምከር ቅደም ተከተሉን መሳት ነው።

እዚህ ዛሬ የሚቻለው ገለባውን በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ይሟሟል። ገለባው በጉድጓድ ወይም በፕላስቲክ ላይ በንብርብር ይነጠፋል፤ በየንብርብሩ ውሃው ይረጫል፣ ይረገጣል፤ ከዚያ አየር እንዳያስገባ ይሸፈናል። በቆላ 21 ቀን ይበቃል፤ ደጋ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል። ሲከፈት የአሞኒያ ሽታው ዓይን ማቃጠል አለበት። ሽታ ከሌለው አየር ገብቶበታል፤ ጥቁር ሻጋታ ያወጣውን መጣል ነው። ለአንድ ቀን ተበትኖ ሽታው ከወጣለት በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይለመዳል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥም። ዩሪያው በደንብ ሳይሟሟ ከቀረና እንስሳው ጥሬውን ካገኘው ይገድላል። ብዙውን ጊዜ አደጋ የሚደርሰው ውሃው ሲያንስ ወይም የተረፈው ብጥብጥ በባልዲ ተትቶ ከብት ሲጠጣው ነው።

ይህ አንድ ከብት የሚያወጣውን ሜቴን እንደማይቀንስ ግን በግልጽ መነገር አለበት። የታከመ ገለባ ይጥማል፣ ከብቱም ብዙ ይበላል፤ 31ዱ ኪሎ 39 ሊሆን ይችላል። የሚቀንሰው ለሊትርና ለኪሎ ሥጋ የሚደርሰው ነው። የአገሪቱ ድምር የሚወርደው ያው ወተትና ያው እርሻ በጥቂት ከብት ከተገኘ ብቻ ነው።

«በሬውን ሽጡ» የሚለው የሚወድቀውም በዚህ ነው። አንዲት የሀበሻ ላም በሁለት ዓመት አንድ ጥጃ ብትወልድ ወይፈን የሚገኘው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ጥማዱ ስምንት ዓመት ቢያርስ፣ ሁለቱን በሬ ለመተካት አንዲት ላም ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ጥጃ ሳይሞትባት መውለድ አለባት፤ ሞቱ ሲታሰብ ሁለት ላም ያስፈልጋል። መንጋው የተሠራው በጥማዱ ዙሪያ ነው። በሬው ዛሬ ቢሸጥ በሰኔ ማሳውን የሚያርስ ነገር ከሌለ ገበሬው ከዚያ በፊት ሌላ ይገዛል፤ የከብቱ ቁጥር አይነቃነቅም፣ ገንዘቡ ግን በደላላ ያልቃል። ትራክተር በኪራይ የሚገኝበት ሜዳማ ወረዳ ሌላ ነገር ነው፤ ገደልና ድንጋያማ ማሳ ባለበት ግን በሬውን የሚተካ የለም።

ጸሐፊው ቁጥር መቀነስ ከፈለጉ የሚጀመረው ከጊደሯ ነው። በአራት ዓመቷ የምትወልደው በሦስት ዓመቷ ብትወልድ፣ ወተትም ጥጃም ሳትሰጥ የምታሳልፈው የአንድ ዓመት 30 ኪሎ ገደማ ሜቴን ይቀራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጡት ከጣለች በኋላ በበጋው እንዳትከሳ መኖ፣ የሆድ ትል መድኃኒትና በሰዓቱ የሚደርስ አዳቃይ ነው። ድራቷ፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ምልክት፣ ጠዋት ከታየ ማታ፣ ማታ ከታየ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች፤ ካለፈ የሚቀጥለው ዙር በ21 ቀን ነው። በብዙ ቦታ የሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት ቅዳሜና እሁድ አይገኝም። ቅዳሜ ድራቷ ታይቶ አዳቃይ ያጣች አንዲት ጊደር እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ ያለ ጥቅም የምታስወጣው 1.8 ኪሎ ሜቴን ነው።